በገናና ክራር ለመቅዳት የትኛው ሊኑክስ ይሻላል? (ክሩ፣ ማለት ውይይቱ፣ ስለረዘመ መልሶቹን በቁጥር ጠቅለል አድርጌ ጽፌያለሁ)

መነሻ ፖስት

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ግን ግማሹን ተናግሬ ግማሹን ብተወው መልሱም ግማሽ ነው የሚሆነው። በብዛት የምቀዳው በገናና ክራር ነው፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች መዝሙርም እቀዳለሁ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ጓደኞቼ ዘፈን ይዘው ይመጣሉ። የምቀዳው የምተኛበት ክፍል ውስጥ ነው፣ መስኮቱ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ሰቅዬ። እቃዬ ይኸው፤ 7ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ላፕቶፕ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ባለ ሁለት መግቢያ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ፣ አንድ ኮንደንሰር ማይክ፣ አንድ ሚዲ ኪቦርድ።

እስካሁን ዊንዶውስ 10 ላይ ነበርኩ። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ላይ (በፈረንጅ ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ድጋፉን አቆመ፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው የሚቀበለው፣ የኔ ላፕቶፕ አልገባም። ግን ከዚህ በፊት የቆረጥኩበት ሌላ ምክንያት አለ። ከአንድ ሱቅ በፍላሽ ያስገለበጥኩት ክራክ ሶፍትዌር ቫይረስ ይዞ መጥቶ የ4 ወር ሥራዬን በሙሉ ቆለፈብኝ። የልጆቹ ድምፅ እዛ ውስጥ ነበር። ከነሱ ሁለቱ አሁን ድምፃቸው ጎርንኗል፣ ያን ድምፅ ድጋሚ ከየትም አላገኘውም። ይሄ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ሊኑክስንም (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ነፃ ሲስተም) አንዴ ሞክሬው ነበር። በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ማታ አፕዴት ልሥራ ሲለኝ እሺ አልኩት፣ ረቡዕ ጠዋት ሳውንድ ካርዱ የለም። ለፋሲካ መድረስ የነበረበት መዝሙር በስልክ ተቀዳ።

ስለዚህ ጥያቄዎቼ፤ የትኛውን ዲስትሮ (የሊኑክስ ዓይነት) ልያዝ፣ ድምፁ ሳይዘገይና ሳይቆራረጥ እንዴት ልቅዳ፣ ሶፍትዌር ሲንቱን (በኪቦርድ የምንጫወተውን፣ ኮምፒውተሩ ድምፁን የሚያመነጭልንን) ደግሞ በኛ ቅኝት ማስተካከል ይቻላል ወይ? መልሶቹ እየበዙ ስለመጡ ዘግይቶ የሚገባ ሰው ሁሉንም እንዳያነብ የተባለውን በራሴ አገላለጽ ከታች አስቀምጣለሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ ትሁት ሰው ነው፣ ስለጠፋው የልጆች ድምፅ ሳያዝን ወደ ጉዳዩ አልገባም። የመከረኝ ኡቡንቱ ስቱዲዮ 24.04ን ነው። ከ2007 ጀምሮ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ለዚሁ ለድምፅና ለምስል ሥራ ተብሎ የሚዘጋጅ ስለሆነ መቅጃው አርዶር፣ የከበሮው ሃይድሮጅን፣ የጊታር አምፑ ጊታሪክስ፣ ፕለጊን ማስነሻው ካርላ የመሳሰሉት ከነፕለጊኖቻቸው (ከተጨማሪ ድምፅና ማስተካከያዎቻቸው) አብረው ይመጣሉ፣ ኢንተርኔት በጥቅል ለሚገዛ ሰው አንዴ አውርዶ መገላገል ማለት ነው። ፋይሉ ከባድ ስለሆነ በሌሊት ጥቅል እንዳወርደው፣ ከዛ ሃርድዲስኬን ሳልነካ ከፍላሽ አስነስቼ ካርዱ መታየት አለመታየቱን አስቀድሜ እንዳረጋግጥ አሳሰበኝ። እኔ ከሁሉም ምክር በፊት የያዝኩት ይቺን ነው። ያኔ እንዲህ አድርጌ ቢሆን ኖሮ ብዙ ነገር ይቀርልኝ ነበር።

መልስ 2

ይሄኛው በ1ኛው አልተስማማም። በሱ አመለካከት ዲስትሮ ማለት መልኩና አብሮት የሚመጣው ሶፍትዌር ነው እንጂ ከርነሉ (ሃርድዌሩን የሚያዘው የሊኑክስ ልብ) ያው አንድ ነው፣ ኡቡንቱ ያለው ሰው የስቱዲዮውን ጥቅል ከላይ መጫን ይችላል፣ ሚንት የሚባለው ዲስትሮ ያለውም አርዶርን ከዛው ከሚንት ያወርዳል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ካርዱ ነው፤ ያለ ድራይቨር ሲሰካ የሚሠራ ዓይነት መሆን አለበት። ሱቅ ለሚሄድ ሰው ቀላል መለያ ሰጠ፣ አይፓድ ላይ ያለ ምንም ድራይቨር የሚሠራ ካርድ ሊኑክስ ላይም በአብዛኛው ይሠራል። የፎከስራይት ስካርሌትንና የቤሪንገር ዩኤምሲን በምሳሌነት አነሳ። የስካርሌት 3ኛ ትውልድ ከፋብሪካ ሲወጣ ራሱን እንደ ፍላሽ የሚያሳይበት መነሻ ሁኔታ ስላለው አዲስ የገዛ ሰው 48 ቮልት የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ እየያዘ ዩኤስቢውን እንዲሰካና ከዛ ሁኔታ እንዲያወጣው ጨመረ። ይሄን ሳያውቁ ካርዱ ተበላሽቷል ብለው የሚመልሱ ሰዎች እንዳሉም አውርቷል።

መልስ 3

ከሜሪላንድ የምትጽፍ እህት ናት፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኪቦርድ ትጫወታለች፣ ፌዶራ የሚባል ዲስትሮ ላይ ነው የምትሠራው። ለኔ ዓይነቱ ሰው ከሁሉም በላይ የገባኝን ማብራሪያ የሰጠችው እሷ ናት። ድሮ ሊኑክስ ላይ ድምፅ ሦስት አለቃ ነበረው፤ ከታች ሃርድዌሩን የሚያናግረው አልሳ፣ ከላዩ የዩቲዩቡንና የፊልሙን ድምፅ የሚያስተናግደው ፐልስአውዲዮ፣ ለሙዚቀኛ ደግሞ ጃክ። ጃክ ካርዱን ሲይዝ ዩቲዩብ ዝም ይላል፣ ዩቲዩብ ቀድሞ ከያዘው ደግሞ ጃክ አልነሳም ይላል፣ ሰው ግማሽ ቀኑን ሁለቱን ሲያስታርቅ ይውል ነበር። ከዛ ፓይፕዋየር መጣና የሁለቱንም ሥራ ጠቅልሎ ያዘ፤ ፌዶራ 34 በ2021 ዋናው አደረገው፣ ዛሬ ኡቡንቱ ስቱዲዮም እሱን ነው የሚጠቀመው። ስለዚህ ከ5 ዓመት በፊት የተጻፈ የጃክ መመሪያ እያነበብኩ ራሴን እንዳላደክም መከረችኝ፣ ጃክ ሞቷል የምትል ቃልም ጨመረችበት፣ ቀጣዩን ሰው ያስቆጣችውም ይቺ ቃል ናት።

መልስ 4

4ኛው ሰው ኮስተር ብሎ ነው የመጣው። ጃክ አልሞተም፣ ፓይፕዋየር የጃክን ቋንቋ ስለሚናገር ነው አርዶር ምንም ሳይለወጥ እላዩ ላይ የሚሠራው፣ እስከ ዛሬም ፓይፕዋየርን አልፈው ጃክን ብቻውን የሚያስኬዱ ባለሙያዎች አሉ። ጃክንም አርዶርንም የጀመራቸው ያው አንድ ሰው ፖል ዴቪስ መሆኑን፣ ፓይፕዋየር ደግሞ የዊም ታይማንስ ሥራ እንደሆነና 1.0 የደረሰው በ2023 መጨረሻ እንደሆነ አስቀመጠ። አባባሉ ትንሽ ቢጎረብጥም ያለው ሁሉ ልክ ነበር፣ እህታችንም አመስግና ፖስቷን አስተካከለች።

መልስ 5

አጭር ናት። ራም 4 ጊጋ ብቻ ላለው ሰው ኡቡንቱ ስቱዲዮ ስለሚከብደው ኤምኤክስ ሊኑክስ ላይ የተሠራውን ኤቪ ሊኑክስን እንዲሞክር የሚል ነው። የኔ 8 ጊጋ ስለሆነ አለፍኩት።

መልስ 6 (የኔ)

ኡቡንቱ ስቱዲዮን ከፍላሽ አስነሳሁት፣ ካርዱ ታየ፣ ስለዚህ ጫንኩት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሰፈሩ ጸጥ ሲል በገናዬን ይዤ ተቀመጥኩ። አርዶር ላይ አንድ ትራክ ከፈትኩ፣ 48 ሺህ ሄርዝ፣ ቡፈሩን (ምን እንደሆነ መልስ 7 ላይ አለ) 64 አደረግኩት፣ ዝቅ ባለ ቁጥር ጥሩ ነው የሚል አንብቤ ነበርና። 12 ደቂቃ ሳላቋርጥ ደረደርኩ።

ጠዋት በሄድፎን ስሰማው ከድምፁ ሥር ሌላ ነገር አለ። በገና የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል፣ በአውታሩና በበርኩማው መሃል የምትገባው እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ናት ያን ድዝዝ የሚለውን ንዝረት የምታመጣው። ከንዝረቱ ሥር ግን ጠ፣ ጠ የሚል ደረቅ ድምፅ አለ፣ ልክ የእህል ፍሬ ቆርቆሮ ላይ ስትወድቅ እንደሚሰማው። እንዚራዋ የላላች መስሎኝ አንድ በአንድ አስተካከልኳቸው፣ አውታሩን መልሼ ቃኘሁ፣ ድጋሚ ቀዳሁ፣ ያው ነው። ኋላ ቀና ብዬ ሳይ አርዶር ከላይ ጥግ ላይ ኤክስራን የሚለውን (ድምፁ የተቆረጠበትን ጊዜ) እየቆጠረ 37 ደርሷል። ክራር ቢሆን ወዲያው እሰማው ነበር፣ በገና ግን በራሱ ንዝረት ሸፈነው፣ ያን ሁሉ ሌሊት የቀዳሁት ተበላሽቶ ነው። ይሄን ጽፌ እርዱኝ አልኩ።

መልስ 7

የክሩ ትልቁ መልስ ይሄ ነው፣ ሰውየው በሙያው የድምፅ ኢንጂነር ይመስለኛል። ቡፈር ማለት ኮምፒውተሩ ድምፁን በአንዴ የሚዘግንበት ዕቃ ነው፤ በትንሽ ዕቃ የሚዘግን ሰው ቶሎ ቶሎ መመላለስ አለበት፣ አንዴ ከዘገየ ድምፁ ይጎድላል፣ ያ ጠ ጠ የሚለው የጎደለበት ቦታ ነው። ከዛ በቁጥር አሳየ። 48 ሺህ ላይ 1024 ማለት 21 ሚሊሰከንድ ነው፣ 256 ማለት 5.3፣ 128 ማለት 2.7፣ 64 ማለት 1.3። ይሄ የአንዱ ቡፈር ብቻ ነው፣ ገብቶ ሲወጣ እጥፍና ከዛም በላይ ይሆናል። ድምፅ በአየር ላይ በ1 ሚሊሰከንድ 34 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሚሄድ 5.3 ሚሊሰከንድ ማለት ከስፒከሩ 1.8 ሜትር ራቅ ብሎ እንደመቀመጥ ነው፣ ማንም ሰው ከዛ ርቀት ላይ ሆኖ ሲጫወት ዘገየብኝ አይልም። 21 ሲሆን ግን 7 ሜትር ነው፣ ያ ይረብሻል።

ዋናው ነጥቡ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በገና ለመቅዳት ዝቅተኛ ቡፈር ጭራሽ አያስፈልገኝም። ድምፁ ከበገናው ነው የሚወጣው፣ ከኮምፒውተሩ አይደለም፣ በሄድፎን መስማት ብፈልግም ካርዱ ላይ ዳይሬክት ሞኒተር የሚል ቁልፍ አለ፣ እሱን ስከፍት ድምፁ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳይዞር ቀጥታ ጆሮዬ ይደርሳል። ስለዚህ ቡፈሩን 1024 አድርጌ አርዶር ላይ ያለውን የሶፍትዌር ሞኒተር አጥፍቼ መቅዳት ነው፣ አርዶር መዘግየቱን ራሱ አስልቶ ትራኩን ቦታው ላይ ያስቀምጠዋል። ዝቅተኛ ቡፈር የሚያስፈልገው በሚዲ ኪቦርድ ሲንት ለሚጫወት ወይም ጊታሩን በሶፍትዌር አምፕ ለሚሰማ ሰው ነው፣ እሱም ቢሆን 128 ወይ 256 ይበቃዋል። ይሄን ሳነብ የሁለት ዓመት ጥያቄዬ ነው የተመለሰው።

መልስ 8

ከሐዋሳ የሚጽፍ ጊታሪስት በ7ኛው ላይ ጨመረ፣ እሱ ጊታሩን በጊታሪክስ ስለሚጫወት ዝቅተኛ ቡፈር ግድ ይለዋል። አንደኛ፣ ድምፅ ከሌላው ሥራ ሁሉ ቅድሚያ እንዲያገኝ ተጠቃሚው አውዲዮ የሚባለው ግሩፕ ውስጥ መግባት አለበት፣ ከገባ በኋላ ደግሞ ወጥቶ ተመልሶ መግባት፣ ብዙ ሰው ይቺን የመጨረሻዋን ይረሳና አልሠራም ይላል። ግሩፑ ብቻውንም አይበቃም፣ ቅድሚያውን የሚፈቅድለት ፋይል መኖር አለበት፣ ኡቡንቱ ስቱዲዮ ላይ ለዚህ የተሠራ የድምፅ ማስተካከያ መስኮት ስላለ በእጅ መጻፍ አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ ፕሮሰሰሩ ባትሪ ለመቆጠብ እያንቀላፋ ስለሚነቃ ፐርፎርማንስ የሚለው ላይ ማድረግ። ሦስተኛ፣ ሲቀዱ ዋይፋይ ማጥፋት፣ ካርዱንም በዩኤስቢ ማባዣ ሳይሆን ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ መሰካት።

ሦስቱንም አንድ በአንድ ሞከርኩ። የኔ ጥፋተኛ ዋይፋዩ ነበር። እሱን ሳጠፋው 128 ላይ እንኳ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ኤክስራን 0 ሆኖ ቆየ።

መልስ 9 እና 10

9ኛው ሪልታይም ከርነል (ሥራን በሰዓቱ ሳያዘገይ እንዲያደርስ የተስተካከለ ከርነል) ራሴ ካልሠራሁ ምንም እንደማይሆን አጥብቆ ተናገረ። 10ኛው ደግሞ ተቆጣው፣ ጀማሪን የሚያስፈራ ወሬ እያመጣችሁ ነው ሰውን ወደ ክራክ የምትመልሱት የሚል መንፈስ ነበረው። ሪልታይሙ ሥራ 20 ዓመት ገደማ ከዋናው ከርነል ውጪ ሲሠራ ቆይቶ በ2024 መጨረሻ በወጣው ከርነል 6.12 ውስጥ ተጠቃልሎ እንደገባ፣ ለአንድ ማይክና ለአንድ በገና ግን የኡቡንቱ ስቱዲዮው እንዳለ እንደሚበቃ አስረዳ። እኔም የ10ኛውን ነው የማምነው፣ ምክንያቱም ያለሱ ሠርቶልኛል።

መልስ 11

እዚህ ጋ ክሩ ሞቀ። አንድ አቀናባሪ ገብቶ ይሄ ሁሉ ነገር የሥራ ፈት ሥራ እንደሆነ ተናገረ። ከተማው ውስጥ የሚሰማው ሙዚቃ ዊንዶውስና ማክ ላይ ነው የሚሠራው፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ የሚባለው የማቀናበሪያ ሶፍትዌር ለሊኑክስ የራሱ ቅጂ የለውም፣ ደንበኛ ፕሮጀክት ይዞ ሲመጣ አርዶር አለኝ ብሎ መመለስ አይቻልም፣ ቫይረሱም ቢሆን የኔ ጥንቃቄ ጉድለት ነው። ክራክ የማይጠቀም አቀናባሪ ካለ እጁን ያውጣ የምትል መጨረሻም ነበረችው። የልጆቹን ድምፅ ጉዳይ እንደዛ አቅልሎ ማለፉ ከፍቶኛል፣ ያኔም ነግሬዋለሁ።

መልስ 12

ከሜሪላንዷ እህት ነው የመጣው፣ በ3ኛው መልስ ላይ ለስለስ ብላ ያያችኋት ሰው እዚህ ላይ አልማረችውም። ዘፈናችን ተሰረቀ፣ ያለ ፈቃድ ዩቲዩብ ላይ ተጫነ ብሎ የሚያለቅስ ሙያተኛ የሌላውን ሰው ድካም በፍላሽ ሲያስገለብጥ ምንም አለመሰማቱ እንደሚገርማት ጻፈች። ደግሞ ለመክፈል ካርድ የሌለው ሰው ምርጫ አጥቶ አይደለም፣ አርዶር ከዲስትሮው ማከማቻ በነፃ ይወርዳል፣ ሰርጅ ኤክስቲ የሚባለው ሲንት ነፃ ነው፣ ድራጎንፍላይ ሪቨርብ የሚባለው የማስተጋቢያ ፕለጊን ነፃ ነው፣ ሁሉም ሕጋዊ ናቸው። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ስድስት ሰባት ጊዜ ተመላለሱ፣ ግማሹ ወደ ግል ነገር ስለገባ አልደግመውም።

መልስ 13

ድሮ በካሴት ዘመን ቀረጻ ላይ የሠሩ አንድ ጋሼ ገብተው አበረዷቸው። በሳቸው ጊዜ ዘፋኙም ባንዱም አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው በጥቂት ማይክ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ ይቀዳ እንደነበር፣ ሳክስፎኑ ከገነነ ሰውየው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እንዲሄድ ይደረግ እንደነበር፣ ሚክስ ማለት የሰው አቋቋም እንደነበር አወጉን። አምሃ እሸቴ በ1969 በፈረንጅ አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም የነበረውንም ድፍረት አነሱ፣ የሸክላ ማሳተም ፈቃድ በመንግሥት እጅ በነበረበት ዘመን ነው። ጉዳዩ ከሊኑክስ ወጣ ብሏል ግን ማንም ያቋረጣቸው የለም፣ እኔ እንኳ ሦስቴ አነበብኩት። ለኔም ማይኩን ከበገናው ገበቴ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ዘወር አድርጌ አንድ ክንድ ያህል እንዳርቀው መከሩኝ። እርስዎ እንዳሉት አደረግኩ ጋሼ፣ የጣቴ ፍትጊያ ቀነሰ፣ እንዚራዋ ግን አሁንም ጥርት ብላ ትሰማለች።

መልስ 14

ከባህር ዳር የሚጽፈው ክራር ተጫዋች ማንም ያላየውን 3ኛ ጥያቄዬን አነሳልኝ። ኪቦርድ ላይ ትዝታን በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብንጫወተውም የኪቦርዱ ሚ ማለት ከዶ በ400 ሴንት (ኪቦርድ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ 100 ሴንት ነው) የተቆረጠች ድምፅ ናት፣ ክራር የሚቃኝ ሰው ግን በጆሮው ነው የሚቃኘው፣ በሱ ክራር ላይ ትንሽ ዝቅ ትላለች። ክራርና ሲንት አብሮ ሲቀዳ የሚጋጨው ለዚህ ነው፣ ብዙ አቀናባሪም ክራሩ ነው የተበላሸ ብሎ ክራሩን ወደ ፒያኖ ይጎትተዋል፣ እሱ ግን ሲንቱን ወደ ክራሩ ማምጣት ነው የሚፈልገው።

እንዴት እንደሚሠራም አሳየ። ክራሩን ሴንት በሚያሳይ መቃኛ አንድ በአንድ ለካ፣ ቁጥሮቹን ስካላ በሚባለው ዓይነት ተራ የጽሑፍ ፋይል ላይ ጻፈ፣ ሰርጅ ኤክስቲ ላይ ፋይሉን ጎትቶ ጣለው፣ በቃ። ዚን የሚባለው ሲንትም ይቀበለዋል። አንድ ጥንቃቄ፤ ፋይሉ ላይ 5 ድምፅ ብቻ ከጻፍን ኪቦርዱ ተከታታይ ቁልፎችን ለ5ቱ እያከፋፈለ ስለሚሄድ እጃችን የለመደው ቦታ በሙሉ ይጠፋል። ስለዚህ 12ቱንም ጽፎ የማንፈልጋቸውን እንዳሉ ትቶ የቅኝቱን ድምፆች ብቻ መለወጥ። ለድምፃዊ ደግሞ ኤክስ 42 የሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕለጊን ላይ ከቅኝቱ ውጪ ያሉትን ቁልፎች ማጥፋት ይቻላል፣ ማስተካከያው ድምፁን ወደማይፈለግ ድምፅ አይስበውም።

ለኔ ከክሩ ሁሉ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ለዓመታት ክራሬን ወደ ኪቦርዱ ስቃኝ ነበር የኖርኩት።

መልስ 15

በዚሁ ስሜት አንዱ ስለ ከበሮ ጻፈ። ሃይድሮጅን ሲከፈት 4/4 ሆኖ ስለሚመጣ ችክችካ ልሥራበት ያለ ሰው ይወናበዳል፣ የፓተርኑን መጠን 6/8 ማድረግ ብቻ ነው። የተዘጋጀ የከበሮ ድምፅ ከመፈለግ ራሱ ቀድቶ ሰፊውን አፍ ለብቻ፣ ጠባቡን አፍ ለብቻ፣ እያንዳንዱን በለሆሳስም በኃይልም እየመታ አራት አራት ዓይነት አስገብቷል። ድምፁን ላክልን ያሉት ብዙ ናቸው፣ እስካሁን አልላከም።

መልስ 16

ጀርመን ያለ አንድ ልጅ ስለሚከፈልባቸው የመቅጃ ሶፍትዌሮች ጻፈ። ሪፐር ለሊኑክስ የራሱ ቅጂ አለው፣ 60 ቀን ይሞከራል፣ ለግለሰብ 60 ዶላር ነው። ቢትዊግም በ2014 ከወጣ ጀምሮ ሊኑክስ ላይ አለ። የዊንዶውስ ፕለጊን ያለው ሰው ዋይን (የዊንዶውስ ሶፍትዌርን ሊኑክስ ላይ የሚያስነሳ) ላይ ያብሪጅ በሚባለው አስጠግቶ ብዙዎቹን ማስነሳት ይችላል፣ የፈቃድ ማረጋገጫ ሶፍትዌር የሚፈልጉት ግን ያስቸግራሉ፣ በነሱ ላይ ሥራ የተመሠረተበት ሰው ከመቀየሩ በፊት አንድ በአንድ ይሞክራቸው። ለ11ኛው ያደላ ነጥብም አነሳ፣ ደንበኛ በዛ ፕለጊን የሠራውን ፕሮጀክት እንዳለ ክፈትልኝ ካለ ሊኑክስ መልስ የለውም። ይሄ እውነት ነው፣ መደበቅም አያስፈልግም።

መልስ 17

መብራት ላይ ሄደ። ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ470 ለሚገዛ ሰው ሁለት ባትሪ እንዳለው፣ አንዱ ውስጥ ሌላው ከኋላ የሚነቀል ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ሳያጠፉ መቀየር እንደሚቻል አንዱ ነገረን። ሌላው ቻርጀር ተሰክቶ ሲቀዳ ኡኡኡ የሚል ድምፅ እንደሚገባበት ጠየቀ፣ የ50 ሄርዝ የመብራት ድምፅ ነው፣ የሶኬቱን መሬት ኤሌክትሪሻን እስኪያይለት ድረስ ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ እንዲቀዳ ተነገረው። ከዛ ስለ ኢንቨርተር ዋጋ ሃያ ምናምን ፖስት አለ፣ ዘለልኩት።

መልስ 18

ያ የሕማማቱ ጉዳይ ምን እንደነበር ያስረዳኝ ይሄ ሰው ነው። አፕዴቱ አዲስ ከርነል ጭኖ ካርዱ ከአዲሱ ጋር ሳይግባባ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ግን አሮጌው ከርነል እዛው ነው የሚቀመጠው፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚመጣው ዝርዝር ላይ ተጨማሪ አማራጮች የሚለው ውስጥ ገብቶ የቀደመውን መምረጥ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ያን ረቡዕ ጠዋት ይሄን የሚነግረኝ አንድ ሰው አላገኘሁም። አሁን ታይምሺፍት አለኝ፣ አፕዴት ከማድረጌ በፊት የሲስተሙን ኮፒ ያስቀምጥልኛል፣ ከሆሳዕና እስከ ዳግም ትንሣኤ ደግሞ አፕዴት የሚባል ነገር አልነካም። ታይምሺፍት የሚጠብቀው ሲስተሙን እንጂ የቀዳነውን ድምፅ ስላልሆነ ድምፁን ለብቻው ሌላ ሃርድዲስክ ላይ እንድገለብጥ አስጠነቀቀኝ። በየማታው እገለብጣለሁ።

መልስ 19

የ11ኛው አቀናባሪ ተመለሰ፣ በሌላ ድምፀት። አንድ የሊኑክስ ሰው ክራር ልኮለት ኤፍኤል ላይ ሲያስገባው ቦታው እየተንሸራተተ እንዳስቸገረው ጠየቀ። ሦስት ሰው ተረባርቦ መለሰለት፤ ፕሮጀክቱን ሳይሆን እያንዳንዱን ትራክ ለብቻው ከዜሮ ጀምሮ ዋቭ አድርጎ፣ 48 ሺህ፣ 24 ቢት፣ የዘፈኑን ፍጥነት ፋይሉ ስም ላይ ጽፎ መላክ፣ ተቀባዩም ፕሮጀክቱን 48 ሺህ ማድረግ። ሠራለት። ለኔም በግል ይቅርታ ጻፈልኝ፣ ተቀብያለሁ ወንድሜ።

መልስ 20 (የኔ)

የደረስኩበትን ለሚጠይቁ፤ ኡቡንቱ ስቱዲዮ 24.04፣ አርዶር፣ በገናና መዝሙር ስቀዳ ቡፈር 1024 በዳይሬክት ሞኒተር፣ ሲንት ስጫወት 128፣ ዋይፋይ ጠፍቶ፣ ፐርፎርማንስ በርቶ። ባለፈው ቅዳሜ ሰባት ልጆች ቀዳሁ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ኤክስራን 0። ትንሿ ልጅ ስትጨርስ መልሼ አሰማኋት፣ ሄድፎኑን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

መልስ 21 እና ከዛ በኋላ

የ14ኛውን የትዝታ ስካላ ፋይል ከሜሪላንድ እህታችን ሲንቷ ላይ ሞክራው ለሷ ጆሮ ሦስተኛዋ ድምፅ ገና ትንሽ ዝቅ ማለት እንዳለባት ጻፈች። የባህር ዳሩ ልጅ ክራር በሰፈር በሰፈሩ እንደሚለያይ መለሰ፣ ጋሼም በዚህ ከሱ ጋር ተስማሙ። ስለዚህ አንድ ፋይል ሳይሆን የየሰዉን ለየብቻ ለማስቀመጥ ተስማምተናል፣ እስካሁን ሦስት የትዝታና አንድ የአምባሰል አለን። ባቲን ሐዋሳ ያለው ጊታሪስት ከአንድ ማሲንቆ ተጫዋች ለክቼ አመጣለሁ ብሏል። አንቺሆዬን የሚለካልን ግን ገና አልተገኘም፣ ክራር ወይም ዋሽንት ያላችሁ እዚሁ ሥር ጻፉልን።